የሻምበሉ ማራገቢያ

ትናንት ወሰዱህ አሉ፣ ከበርበሬ ወንዝ ማዶ፣
የቅሬው ጥሩምባ ሰፈሩን ሰብስቦ ወስዶ።
የጥገና ልጆች ቃሬዛህን ይዘው፣
ጥፍራቸው ከግሪስ ሳይጸዳ፣ ተክዘው።
ጥይት አልተተኮሰ፣ መለከት አልነፋ፣
ከደብረ ዘይትም ብቅ ያለ ሰው ጠፋ።
እኔ ፈረቃ ላይ፣ ከሰባት ቁጥር ስር፣
የተበጠሰ ክር በጣቴ ስቋጥር።

ስም አትጠራም ነበር፤ በቁጥር ብቻ ነው፦
«ሰባት፣ እንዴት አደርሽ? አሥራ ሁለትስ ምነው?»
እኛም በጀርባህ ስም አወጣንልህ፣
«ነፋስ ሰፋሪው» ስንል ታልፋለህ፣ ሰምተህ እንዳልሰማህ።

መንግሥት ተለውጦ፣ ጦሩ ሲበተን፣
ስንቱ አብራሪ ቀረ ሹፌር ወይ ዘበኛ፤
አንተ ባሕር ዳር ወርደህ፣ በአርባ ዓመትህ፣
ከልጅህ እኩያ ጋር ደብተር ዘርግተህ፣
መሐንዲስ ተብለህ ተመለስክ ወደኛ።

የኮምቦልቻ ሙቀት፣ የተዘጋ መስኮት፣
ብናኙ እንደ ጉም በአምፖሉ ዙሪያ።
ሳል ነበር ቋንቋችን።
ዘሙ ያኔ ሞታለች፣ ከስምንት ቁጥር፣
በሃያ አራት ዓመቷ፤
ሐኪሙ «ሳንባ» ብሎ ሌላ ሳይጨምር።
አንተ መሃል ቆመህ ጣትህን በምራቅ አርሰህ ወደ ላይ ያዝክ።
«ይሄ ነፋስ ሞቷል» አልክ፣ «ማነው የገደለው?»
ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ «በጀት የለም» አለው።

ከወደቀ ላሜራ፣ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ሆድ፣
ስድስት ክንፍ ቆረጥክ።
በእንጨት መዶሻ ጫፋቸውን ጠመዘዝክ፣ በቀስታ፣
ዓይንህን ጨፍነህ እየዳሰስክ።
«ክንፍ ነፋስን አይመታም» አልከኝ፣
«ያሳምነዋል እንጂ።»
ማብሪያውን የተጫኑት ቀን ብናኙ ተነሣ፣
ተሰልፎ በመስኮት ወጣ፤
ወለላችን ላይ ጸሐይ እንደ እንግዳ ገብታ መጣች።
ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ አንተ እኛን ነበር የምታየው፣
እያንዳንዳችን ስንቴ እንደሳልን
በደብተርህ ጥግ እየመዘገብክ።

አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል መንደሩ ቀና ይላል፤
አንተ ብሎን ማጥበቅህን አታቋርጥም።
«የግራው ሞተር ይነጫነጫል» ትላለህ፣ ሳታይ።
ደሴ ስትወጣ ግን፣ በሐረጎ ጥምዝ፣
የሚኒባሱን ወንበር ጨምድደህ ይዘህ፣
«ቀስ በል፣ ልጄ፣ ቀስ በል!»
ተሳፋሪው ሲስቅ፣ አንተም አብረህ ስቀህ።

አንዴ በምሳ ሰዓት፣ ዳቦ እየገመጥን፦
«ከላይ ሲያዩት ሰው ምን ይመስላል?» አልኩህ።
የተረፈህን ዳቦ ጠቀለልክ፣ በኪስህ ከተትክ።
«አይታይም» አልክ። «ጥላው ነው የሚታየው።
ጠዋት ከሆነ ረጅም ነው፤ በቀትር ግን…»
አልጨረስከውም። ደወል ተደወለ።

ሌላ አልጠየቅኩህም።
የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣
ድምፅህን ሰምቶ ከቤቱ ሮጦ ይሆናል፤
ለዚያ ሰው እኔ ይቅር አልልለትም፣ አልፈርድለትም፤
እኔ የማውቀው ሳንባዬን ነው።

ጡረታ የወጣህ ለት ከበሩ ተመለስክ።
«ጦይባ» አልከኝ።
ስሜን ከየት እንዳገኘኸው እንጃ፤
በሃያ ዓመት አንዴ፣ ያውም ቸኩለህ።

ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ለክብርህ ሲባል ማራገቢያውን አጠፉት።
ክንፎቹ አንድ፣ ሁለት ዙር ዞረው ቆሙ።
መጀመሪያ ጸጥታ።
ከዚያ ብናኙ ከጣሪያው ቀስ እያለ ወረደ፣
በጸጉራችን፣ በሽፋሽፍታችን፤
ከዚያ አሥራ ሁለት ሳለች፤
ከዚያ አዲሷ ልጅ፣ አንተን አይታህ የማታውቀው።
ክሩን ለቅቄ ተነሣሁ።
«አብሩት» አልኩ፣ «ሻምበል ይቆጣል።»
አበሩት።